ቀዝቃዛ ውሃ ለእንግዳ

ፍሪጁ ከዘርፉ ቤት እስከ ሃፍሳ ቤት የተጓዘው አስራ ሁለት እርምጃ ነው። ለዚህ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ሁለቱ ሴቶች ጆንያ ላይ አስቀምጠው፣ አንዷ ከፊት እየጎተተች አንዷ ከኋላ እየገፋች፣ የግቢው ሰው ሳይነሳ አሻገሩት። መያዣው ከተሰበረ ቆይቷል። በሩ እንዳይከፈት በብስክሌት ጎማ ቁራጭ ታስሯል።

መጋቢት በገባ በሳምንቱ፣ ረቡዕ ቀን ነበር። የወረዳው ኮሚቴ ወደ ዘርፉ ቤት የሚመጣበት ቀን ነው። ኮሚቴው ቤት ለቤት እየዞረ ማን ድሃ እንደሆነና ማን ከድህነት እንደወጣ ይመዘግባል። ቅጹ ላይ የዕቃ ዝርዝር አለ፤ ቴሌቪዥን፣ ሶፋ፣ ፍሪጅ። ፍሪጅ ያለው ቤት ድሃ አይባልም። ድሃ ያልተባለ ቤት ደግሞ ነጻ የሕክምና ካርዱን ይመልሳል።

የዘርፉ ልጅ ሊዲ አስራ ስድስት ዓመቷ ነው። ስኳር ከያዛት ሁለት ዓመት አልፏል። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። ኢንሱሊኑ የሚገኘው በካርዱ ነው። የሚቀመጠው በፍሪጁ ነው። መድኃኒቱን የሚያቆየው ዕቃ ያንኑ መድኃኒት ያስከለክላል ማለት ነው። ዘርፉ ይህን ከተረዳች ጀምሮ ለሁለት ሳምንት እንቅልፍ አልነበራትም።

መፍትሔው የተገኘው ከሃፍሳ ነው። ሃፍሳ ከመቂ የሚመጣ ሽንኩርትና ቲማቲም ጉሊት ላይ ትቸረችራለች። ባሏ ሀሰን ግንበኛ ነበር፤ ከመወጣጫ ላይ ወድቆ ወገቡን ከተመታ ወዲህ ከፍራሽ አልተነሳም። እሱም የሚታከመው በካርድ ነው። የሃፍሳ ቤት ማክሰኞ ተመዝግቧል። ለዚያ ቀን ቴሌቪዥኗ ዘርፉ ቤት፣ አልጋ ስር ተደብቆ ውሏል። አንድ ጊዜ የተመዘገበ ቤት ደግሞ ሁለተኛ አይታይም።

«ትናንት የኔ ቴሌቪዥን አንቺ ጋ ዋለ፣ ዛሬ ያንቺ ፍሪጅ እኔ ጋ ይውላል» አለች ሃፍሳ ላቧን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «ዕቃዎቻችን ከኛ የበለጠ ይጠያየቃሉ።»

ፍሪጁን ከሀሰን ፍራሽ ራስጌ አቆሙት። ቁም ሳጥን እንዲመስል አበባ ያለበት ጨርቅ አለበሱት፣ ላዩ ላይ ብርጭቆዎች ከነትሪያቸው ደረደሩበት። ሀሰን ተኝቶ አያቸው። ወንድ ልጅ ተወልዶለት ቢሆን እንኳ እንዲህ አይለብስም ነበር አለ። ሴቶቹ ሳቁ። የሶኬቱን ነገር ግን ማንም አላነሳም፤ እሱ ቆይቶ ነው የመጣው።

* * *

ዘርፉ የአርሲ ነገሌ ልጅ ናት። አባቷ እህል ገበያ ውስጥ ኩንታል ይሸከም ነበር። ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ አባቷ ትከሻው እምቢ አለው፣ እሷም ትምህርቱን ትታ መቂ ሄደች። ቲማቲም ትለቅም ጀመር። ከመቂ የምታስታውሰው አንድ ዓመት ነው። ገበሬው ሁሉ ተመክሮ ቲማቲም የተከለበት ዓመት ነበር፤ ምርቱ በአንድ ሳምንት ደረሰ፣ ደላሎቹ መጥተው አዩና መኪናቸውን ባዶውን ይዘው ተመለሱ። ቀይ ቲማቲም በየማሳው ዳር ተከምሮ ሲበሰብስ ሽታው ከተማው ድረስ መጣ። እሷም ለለቀመችው የተከፈላት ሁለት ሳጥን ቲማቲም ነው።

እዚያው መኪና ከሚጭኑት ልጆች አንዱን አገባችና አዳማ ገቡ። ሊዲ ተወለደች። ባሏ ሞጆ እየተመላለሰ ጭነት ያወርድ ነበር። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ምሽት ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ።

ከዚያ በኋላ ያለው የዘርፉ ኑሮ በምስክር ወረቀት ሊነገር ይችላል። አልጋዋ ስር በፌስታል የተጠቀለለ አራት የምስክር ወረቀት አላት፤ ሁሉም ማህተም አላቸው፣ ሁሉም ላይ ስሟ በትክክል ተጽፏል።

የመጀመሪያው የኮብልስቶን ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ጠረበች። መንገዱ ተነጠፈ፣ ድንጋዩም ሥራውም አለቀ። ሁለተኛው የዶሮ እርባታ ነው። ሦስት ቀን ሰልጥና አርባ ጫጩት ተሰጣት። ክትባቱ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል ተባለ። ፈንግል ቀድሞ መጣና ፈጃቸው። ሦስተኛው የባልትና ማኅበር ነው። አምስት ሴቶች ተደራጅተው ሼድ ተሰጣቸው፣ በርበሬ መፍጫ ማሽንም ከነካርቶኑ። ሼዱ ቆጣሪ አልነበረውም። አስራ አራት ወር ጠበቁ። ሦስቱ ሰለቻቸውና ወጡ፤ ማኅበሩ አባል አጎደለ ተብሎ ሼዱ ለሌላ ተሰጠ። ቆጣሪው የገባው በወሩ ነው። አራተኛው የሴፍቲኔት ነው፤ መንገድ መጥረግ፣ ሦስት ዓመት፣ ከዚያ መመረቅ።

መንግሥት ረስቶኛል ብላ አታውቅም። እንዲያውም ሰው ሁሉ ሲረሳት የሚመጣው እሱ ነው። ይመጣል፣ አንድ ነገር ይዞ ይመጣል፣ አንድ ነገር ይጎድላል። የጎደለው እስኪደርስ የመጣው ሄዷል። ስለዚህ ጉዳይ ስትጠየቅ የምትለው ይህን ብቻ ነበር፣ እሱንም ሳትማረር።

መጥረጊያውን ግን ወደደችው። ለሰውነቷ ከባድ ነው፣ አቧራውም ያስላታል። ሆኖም ከመጥረጊያው ጋር ነጻው ካርድ መጣ፤ ካርዱ በመጣ በዓመቱ ደግሞ ሊዲ ታመመች። ካርዱ እግዜር አስቀድሞ የላከላት ነገር መሰላት።

ያኔ ፍሪጅ አልነበረም። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ዘዴ አሳየቻት፤ ትልቅ ገንቦ፣ ውስጡ አሸዋ፣ አሸዋው መሃል ትንሽ ጣሳ፣ ጣሳው ውስጥ ብልቃጡ። አሸዋው በቀን ሁለት ጊዜ ውሃ ከጠጣ ብልቃጡ አይሞቅም። ዘርፉ አንድ ዓመት ሙሉ አሸዋውን አጠጣች። አንድ የግንቦት ወር ግን የቧንቧው ፈረቃ ተዘበራረቀ። ዘጠኝ ቀን ውሃ አልመጣም። የነበረውን ጠጡት፤ ለአሸዋው አልተረፈም። ኢንሱሊኑ ሞቀ። መልኩ አልተለወጠም፣ ሽታም የለውም፤ ሊዲ እንደ ልማዷ ወጋችው። በሦስተኛው ቀን ትንፋሿ እንደበሰበሰ ፍሬ ሸተተ፣ ተዝለፈለፈች። ሆስፒታል አምስት ቀን ራሷን ሳታውቅ ተኛች።

ፍሪጁን የሰጣት ጆቴ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ እዚያው ግቢ ተከራይ ነበር። ቤተሰቡን ይዞ ሲለቅ መያዣው የተሰበረ ፍሪጅ ለመጫን ሰነፈ። «ይሠራል፣ ግን ያጓራል» ብሏት ሄደ። ዘርፉ ያን ዕለት ካርዱ ከመጣበት ቀን ይልቅ ተደስታለች። ገንቦውን ውጭ አውጥታ ግድግዳው ስር ደፋችው።

* * *

ኮሚቴው ጠዋት ሦስት ሰዓት ይመጣል ተብሎ ነበር። ሦስት ሰዓት ሲሆን ሶኬቱን ነቀሉት። ጉርምርምታው ቆመ። ሃፍሳ ጉሊቷ ላይ ሳትሄድ ቀረች፣ ዘርፉ ከመጥረግ አስፈቅዳ ቀረች። አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሆነ። ስድስት ሰዓት ላይ ቆርቆሮው መንጫጫት ጀመረ፤ አዳማ በመጋቢት እንዲህ ናት፣ ጣሪያው ራሱ ይናገራል። ዘርፉ በየሩብ ሰዓቱ እየተነሳች የፍሪጁን ጎን በመዳፏ ትነካ ነበር።

ሰባት ሰዓት ላይ መታገስ አልቻለችም። ሶኬቱን ሰካችው። ሃፍሳ ገላመጠቻት።

«ሲመጡ እንነቅለዋለን» አለች ዘርፉ።

ሲመጡ ግን ማንም ወደ ሶኬቱ አልደረሰም። ስምንት ሰዓት ላይ ሦስት ሰዎች በግቢው በር ገብተው በቀጥታ ዘርፉ ደጃፍ ላይ ቆሙ። አንዱ ሰይፈሚካኤል ነው፤ የወረዳው ባለሙያ፣ ሠላሳ ያልሞላው ቀጭን ልጅ፣ ቅጾቹን በካርቶን ላይ በመቆንጠጫ ይዟል። ሁለተኛዋ እማኝ ሆና የመጣች የሰፈር ተወካይ ናት፤ ደጁ ላይ ጥላ ፈልጋ ተቀመጠች፣ ከዚያም አልተነሳችም። ሦስተኛው ኦቦ መርዳሳ ናቸው፣ የእድሩ ዳኛ።

ኦቦ መርዳሳ ሰባ አልፈዋል። ዘርፉ ባሏ የሞተ ዕለት ድንኳኑን ይዘው የመጡት፣ ሦስቱን ቀን ከደጇ ያልተለዩት፣ ሬሳውን ከሆስፒታል ያወጡት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ቤቷ ገብተው አያውቁም። መንገድ ላይ ስትጠርግ ካዩዋት ኮፍያቸውን አንስተው በኦሮምኛ ሰላም ነው ወይ ይሏታል፣ ያልፋሉ።

አሁን በርጩማው ላይ ተቀምጠው ይተነፍሳሉ። ላባቸው ከአንገታቸው ወደ ኮታቸው ኮሌታ ይወርዳል። አስራ አንድ ቤት ዞረዋል።

ሰይፈሚካኤል ጥያቄውን ጀመረ። ጣሪያው ምንድን ነው፣ ወለሉ ምንድን ነው፣ ስንት ሰው ይኖራል፣ በቀን ስንት ጊዜ ይበላል። እየጠየቀ ዓይኑ በክፍሉ ውስጥ ይዞራል። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የሊዲ የክፍል ውጤት። ቴሌቪዥን፣ የለም። ሶፋ፣ የለም። ፍሪጅ፣ የለም። እስክሪብቶው በየመስመሩ ላይ ትንሽ ምልክት አደረገ። ዘርፉ እያንዳንዱን ምልክት በዓይኗ ትከተላለች። ሦስት መስመር ብቻ ቀርቷል።

በመሃሉ ለእንግዶቹ ከጄሪካኑ ውሃ ቀድታ በብርጭቆ አቀረበች። ኦቦ መርዳሳ አንድ ጊዜ ተጎነጩና አቆሙ። ብርጭቆውን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት።

ውሃው ሞቅ ያለ ነበር፤ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል። ዘርፉ ይህን አየች። ከስምንት ዓመት በኋላ ቤቷ የገባው ሰው፣ ባሏን የቀበረላት ሰው፣ ውሃዋን መጠጣት አቅቶት መሬት ላይ አስቀመጠ።

በኋላ ሃፍሳ ምን ነክቶሽ ነው ብላ ደጋግማ ጠይቃታለች። ምን እንደነካት አታውቅም። አስባ የሠራችው ነገር አይደለም። እግሯ ተነስቶ ወሰዳት። ግቢውን ተሻገረች፣ የሃፍሳን በር ገፋች፣ የጎማውን ማሰሪያ ፈታች፣ ከኢንሱሊኑ ጎን የተኛውን ሃይላንድ አወጣች፣ ተመለሰች። አዲስ ብርጭቆ አጥባ ቀዳች። ፕላስቲኩ ላብ አውጥቶ ነበር፣ ጣቶቿም ርሰው ነበር።

ኦቦ መርዳሳ ብርጭቆውን ጨለጡት። ሁለተኛውንም። ዓይናቸውን ጨፍነው «ኡፍ» አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡና ሃይላንዱን አዩ፣ ዘርፉን አዩ። የሆነው ነገር የገባቸው ያኔ ነው። ዘርፉም የገባት ያኔ ነው።

ሰይፈሚካኤል ጠጥቶ አፉን ጠረገ። «ይህን የመሰለ ውሃ ዛሬ የትም ቤት አልጠጣሁም። ከየት ነው?»

«ጥጉ ላይ ያለው ሱቅ በረዶ አለው» አሉ ኦቦ መርዳሳ፣ ለሷ የመጣውን ጥያቄ መልስ ከአፏ ነጥቀው።

«አዎ፣ ከሱቁ ነው» አለች ዘርፉ።

ሰይፈሚካኤል ራሱን ነቀነቀና ወደ ቅጹ ተመለሰ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ነበር። ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።

የፍሪጁ በር ግን በጥድፊያ ስለታሰረ በደንብ አልገጠመም። ሙቀት ገባበት። ሞተሩ ተነሳ። ይህ ሞተር ሲነሳ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ላዩ ላይ ስድስት ብርጭቆ ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ትሪው ላይ መንቀጭቀጭ ጀመሩ። ድምጹ የሃፍሳን የጭቃ ግድግዳ አልፎ፣ ግቢውን ተሻግሮ፣ ክፍሉ ድረስ መጣ።

ሰይፈሚካኤል እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ወጣ። ሃፍሳ በሯ ላይ ቆማ ነበር። በትከሻዋ አሻግሮ አየ። ጨርቁ ይወዛወዛል፣ ብርጭቆዎቹ ያንቃጭላሉ። ሀሰን ፍራሹ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል።

ሰይፈሚካኤል የማክሰኞውን ቅጽ ከስር አወጣ። «ይህን ቤት ትናንት የሞላሁት እኔ ነኝ» አለ። «ፍሪጅ የለም ይላል። እርስዎም ፈርመዋል፣ እኔም ፈርሜያለሁ።» ወደ ዘርፉ ዞረ። «የማን ነው?»

ዘርፉ ለመልስ የነበራት ጊዜ አንድ ትንፋሽ ያህል ነው። የሃፍሳ ነው ብትል የሃፍሳ ቅጽ ውሸት ይሆናል፣ የሀሰን ካርድ ይነጠቃል፤ የሷ ይተርፋል። የኔ ነው ብትል የሊዲ ይነጠቃል። ሃፍሳ አላየቻትም። በዓይኗ እንዳትለምናት ፈርታ ይሆናል፤ መሬት መሬቱን ታያለች።

«የኔ ነው» አለች ዘርፉ። «ዛሬ ጠዋት ነው ያሻገርነው። ትናንት እዚህ ቤት አልነበረም። የሃፍሳ ቅጽ ትክክል ነው።»

ከዚያ የጎማውን ማሰሪያ ፈትታ በሩን ከፈተችለት። ውስጡ ሁለት ብልቃጥ ኢንሱሊን፣ ሦስት ሃይላንድ ውሃና ግማሽ ሎሚ ነበር። ብልቃጡን አንስታ ሰጠችው። ስለ ሊዲ ነገረችው፣ ስለ ገንቦው፣ ስለ አምስቱ ቀን። እሱም ብልቃጡን በመዳፉ ይዞ ቆመ፤ ቀዝቃዛነቱ የገረመው ይመስል ነበር። ቅጹን ከላይ እስከ ታች ተመለከተው። በሽታ የሚጻፍበት ቦታ የለም አላት።

«እኔ ራሴ የለኝም» አለ ቀስ ብሎ። «ፍሪጅ ማለቴ ነው። በተከራየሁበት ክፍል ቆጣሪው አይችልም ይላሉ።»

ብልቃጡን መለሰላት። «የለም» የሚለውን ምልክት ሰርዞ «አለ» የሚለው ላይ አደረገ፣ ስርዙን ደግሞ በፊርማው አረጋገጠ። ኦቦ መርዳሳም ፈረሙ። እጃቸው ቆይቶ ነው የፈረመው።

በኋላ ኦቦ መርዳሳ እንደነገሯት፣ በዚያ ሰፈር በዚያ ዓመት ስንት ቤት ከድህነት መውጣት እንዳለበት ኮሚቴው የመጀመሪያውን በር ሳያንኳኳ ተነግሮት ነበር። ቁጥሩ ከላይ የመጣ ነው። ሁለት ቤት ጎድሎ ነበር። ሰይፈሚካኤል ሁለቱን ቤት ካላገኘ የሥራ ምዘናው ይበላሻል። ልጁ መጥፎ አይደለም አሉ። ዘርፉም መጥፎ ነው አላለችም።

* * *

ምርቃቱ የተደረገው መጋቢት ማለቂያ ላይ፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ነው። መድረኩ ላይ ከተረጂነት ወደ አምራችነት የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ለእያንዳንዱ ተመራቂ ኮፍያ ታደለ። ከተመራቂዎቹ አንድ ሰው ተሞክሮውን እንዲናገር ተፈለገና ዘርፉ ተመረጠች፤ ዝርዝሩ ላይ ፍሪጅ ያላት እሷ ብቻ ነበረች። ማይኩን ይዛ ቆመች። ከፊት ወንበር የተቀመጡት ትልልቅ ሰዎች በፈገግታ ይጠብቃሉ። አመሰግናለሁ አለች። ፎቶ ተነሳች። አምስተኛውን የምስክር ወረቀት ይዛ ወጣች፤ ከመጥረጊያውም ከካርዱም ወጣች።

አቤቱታ ማስገቢያው መስኮት ላይ የሆስፒታሉን ደብዳቤ አቀረበች። ጸሐፊዋ አንብባ አዘነች። የሚታየው ንብረት እንጂ በሽታ አይደለም አለቻት። ዘርፉ ፍሪጁን ብሸጠውስ ብላ ጠየቀች። ያም ለሚቀጥለው ምዝገባ ይታያል ተባለች።

«የሚቀጥለው መቼ ነው?»

«በሁለት ዓመት።»

እናት በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ብልቃጥ እንዳለ በቃሏ ታውቃለች። ከኋላዋ ሰልፍ ነበር፤ ዞር በይልኝ የኔ እህት አሏት፣ ዞር አለች።

ሥራውን የነገራት ሰይፈሚካኤል ነው። ለተመራቂዎች የሥራ ዕቅድ ቅጽ ሲሞላ የዘርፉን መስመር ባዶ ሊተወው አልፈለገም። ፍሪጅ አለዎት፣ ከተማው ይሞቃል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይሽጡ አላት። ሲናገረው አላፈረም፣ አላሾፈም፤ ከልቡ ነበር። ዘርፉም ከልቧ ሰማችው። ሌላ የነገራት ሰው የለም።

ሃይላንድ ከየመንገዱ ለቀመች፤ የት የት እንደሚጣል ለሦስት ዓመት ጠርጋ ታውቀዋለች። አመድና የፈላ ውሃ ይዛ አጠበቻቸው። ውሃው በመጣ ቀን ሁሉንም ትሞላለች፣ ፍሪጁ ውስጥ ትደረድራለች፣ ጠዋት ባልዲ ውስጥ አድርጋ በጆንያ ሸፍና መናኸሪያ ትሄዳለች። ወደ መቂ፣ ወደ ባቱ፣ ወደ አርሲ ነገሌ የሚሄዱ መኪኖች መስኮት ስር ትቆማለች። ተሳፋሪው እጁን ያወጣል። ረዳቶቹ ያሾፉባታል፤ እማማ በረዶ ይሏታል። ሃምሳ አልሞላትም።

ገበያው አልከፋም። በሁለተኛው ሳምንት የመጀመሪያውን ብልቃጥ ከግል መድኃኒት ቤት በገንዘቧ ገዛች። ሃፍሳ ሰማችና አለቀሰች። ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ዘርፉን በቀጥታ ማየት አቅቷት ነበር። በየቀኑ የቲማቲም ተራፊ በር ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች፤ ዘርፉም አንስታ ታስገባዋለች። ስለዚያ ቀን ግን አይነጋገሩም።

ሚያዝያ ሲጋመስ ሙቀቱ ጨመረና ፍሪጁ ውሃውን ለጠዋት ማድረስ አቃተው። ሞቅ ያለ ውሃ ማንም አይገዛም። ዘርፉ ከውስጥ ያለችውን መዘውር እስከ መጨረሻው አዞረቻት። በማግስቱ ጠዋት ውሃው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ አገኘችው። ኢንሱሊኑም አብሮ ረግቷል። ብልቃጡ ውስጥ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ቆሟል።

ሊዲ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። «ቢቀልጥም አይሆንም» አለች። ይህን ነርሷ ነግራታለች፤ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም መድኃኒት አይደለም። የሦስት ሳምንት የመናኸሪያ ገቢ ነበር።

ዘርፉ መዘውሯን መለሰቻት። በማግስቱ ውሃው አልቀዘቀዘም፤ ባልዲውን እንደሞላ ይዛ ተመለሰች። መሃል ላይ አደረገቻት። ኢንሱሊኑ ደህና ሆነ፣ ውሃው ግማሹ ተሸጠ። በግማሽ ውሃ ብልቃጥ አይገዛም። ብልቃጥ የሚገዛ ውሃ ብልቃጡን ያረጋል። አንድ ሳምንት ሙሉ ያቺን መዘውር ወደዚህና ወደዚያ ስታዞር ሰነበተች። ሳምንቱ ሲያልቅ ግድግዳው ስር የተደፋውን ገንቦ አነሳች። ሸረሪት አድርቶበታል። አጠበችው፣ አሸዋ ሞላችበት፣ ብልቃጡንም ወደ መሃሉ መለሰች።

* * *

ግንቦት መጀመሪያ ላይ ኦቦ መርዳሳ መናኸሪያው ደጃፍ መጡ። ባቱ ለቅሶ ነበራቸው። መኪናው እስኪሞላ ዘርፉ አጠገብ ጥላ ስር ተቀመጡ። አንድ ሃይላንድ አውጥታ ሰጠቻቸው። ሊከፍሉ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። እጃቸውን ያዘችባቸው።

ጠጡ። ቆይተው፣ «ያን ቀን ያን ውሃ ባልጠጣው ኖሮ» አሉ።

«ቤቴ መጥተው» አለች ዘርፉ፣ «እንዴት አድርጌ በዚያ ውሃ እሸኝዎታለሁ?»

«ትንሽ ሞቅ ይላል እንጂ ውሃ ነው፣ ልጄ። እጠጣው ነበር።»

«መሬት ላይ አስቀመጡት።»

ኦቦ መርዳሳ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። እንዲበርድልኝ ነበር ብለው ሊነግሯት ፈለጉ ይሆናል። አልነገሯትም። ረዳቱ ባቱ ባቱ እያለ ሲጠራ ተነሱ። ግማሽ የቀረውን ሃይላንድ ይዘው ገቡ፤ በመስኮቱ እያዩዋት ሄዱ።

ዘርፉ ቤት ስትገባ ሊዲ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ነበር። ቧንቧው በዚያ ሳምንት አልመጣም፣ የሚመጣው መቼ እንደሆነም የሚያውቅ የለም። ጄሪካኖቹ ባዶ ናቸው። የቀረው ውሃ ለነገ የተደረደረው ብቻ ነው። ሊዲ ገንቦው አጠገብ ተንበርክካ ጣቷን አሸዋው ውስጥ ከታ ነበር።

«ደርቋል?» አለች ዘርፉ።

«እየደረቀ ነው።»

ሊዲ ተነስታ የጎማውን ማሰሪያ ፈታች። ከረድፉ አንድ ሃይላንድ አወጣች። እናቷን አየቻት። ዘርፉ ዓይኗን አልመለሰችም፣ አትንኪም አላለችም። ሊዲ ክዳኑን ከፈተችና አሸዋው ላይ በቀስታ፣ ክቡን ተከትላ አፈሰሰችው። አሸዋው ጠጣው። ባዶውን ሃይላንድ ውሃ ሲመጣ እንዲሞላ ከሌሎቹ ባዶዎች ጋር አኖረችው።

የፍሪጁ በር ክፍት ነበርና ሞተሩ ተነሳ። ዘርፉ ሄዳ ገፋችው፣ ጎማውን ሁለት ጊዜ ጠምጥማ አሰረችው፣ እንደማይከፈት እስክታረጋግጥ ድረስ በእጇ ይዛው ቆመች።